መሸጫው እንዴት ነው?

አዲስ አበባ ላይ የመኪና ትርዒት ሲከፈት ከሚጎርፈው ሰው ግማሹ ሊገዛ፣ ግማሹ ፎቶ ሊነሣ ነው ይባላል። በሥራቸው ግን አይለዩም። ሁለቱም ጎማውን በጫማቸው ጫፍ ነካ ያደርጋሉ፤ ጎማው ምን እንደሚመልስላቸው እስካሁን የሰማ የለም። ሁለቱም በሩን ከፍተው ይዘጋሉ፤ ድምፁ ወፍራም ከሆነ መኪናው ጠንካራ፣ ቀጭን ከሆነ ቆርቆሮ ነው ተብሎ ይፈረድበታል። መሪውን ጨብጠው ይቀመጡና ሞተሩ ባልተነሣ መኪና ውስጥ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ጥቂት ያዞሩታል። አስተናጋጁ ወጣት ስለ ጣሪያው መስታወት፣ ስለ ወንበሩ ማሞቂያ፣ እጅ ሳይነካው ስለሚከፈተው የኋላ በር ሲተነትን ቆይቶ ሲጨርስ፣ እውነተኛው ገዢ ጠጋ ይልና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «መሸጫው ግን እንዴት ነው?» ይላል። ገና ያልገዛውን መኪና መሸጥ ጀምሯል ማለት ነው።

በዚህ ጥያቄ መሳቅ ቀላል ነው፤ ነገር ግን የአገራችን የመኪና ገበያ በሙሉ የቆመው በእሱ ላይ ነው። እኛ ዘንድ መኪና የሚመረጠው ለሚነዳው ሰው ሳይሆን ከእሱ በኋላ ለሚገዛው ነው። ያም ሰው ሲገዛ የሚያስበው ስለ ሦስተኛው ነው፤ ሦስተኛውም ስለ አራተኛው። መኪናው በእጁ የገባ ሁሉ አደራ ጠባቂ እንጂ ባለቤት አይሆንም። ቀለሙ ነጭ ወይም ብርማ የሚሆነው ባለቤቱ ነጭ ስለሚወድ አይደለም፤ ሌላው «ሲሸጥ ያስቸግራል» ስለተባለ ነው። የወንበሩ ላስቲክ ሳይቀደድ ዓመታት የሚቆየውም፣ ሰውዬው በፀሐይ ላብ እያሰመጠው ላስቲክ ላይ ተጣብቆ የሚነዳውም፣ ለማያውቀው ሰው ወንበር እየጠበቀ ስለሆነ ነው። ደላላው ለዚህ ሁሉ ቋንቋ አበጅቶለታል፦ «አንድ እጅ»፣ «ዱባይ ስታንዳርድ»፣ «ፉል ኦፕሽን»። «በስንት ዓመት ተሠራች?» ከሚለው እኩል «ሰሌዳዋ ስንት ነው?» ይጠየቃል፤ የሰሌዳው ቁጥር መኪናዋ አገር ውስጥ ከገባች ምን ያህል እንደቆየች ስለሚናገር። ውጭ አገር አሥር ዓመት የተነዳች ቪትዝ እዚህ ስትደርስ አዲስ ሰሌዳ ተለጥፎላት እንደገና ክርስትና ትነሣለች፤ የቀድሞ ዕድሜዋ ከባሕር ማዶ ቀርቷል።

«ታዲያ ምን ይጠበስ? ሰው የሚያተርፈውን ያውቃል» የሚል ይኖራል። እውነቱን ነው፤ ልማዱ የሞኝነት ልማድ አልነበረም። ዶላር በወረፋ፣ መኪናም በቀረጥ ላይ ቀረጥ በሚገባበት አገር፣ አምስት ዓመት ተነድቶ ከተገዛበት ዋጋ በላይ የሚሸጥ መኪና ከባንክ ወለድ ይሻላል። መንግሥትም ሳያስበው ይህን ልማድ አጠናከረው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖች ላይ እንደ ዕድሜያቸው እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ሲጥል፣ ዓላማው አሮጌ መኪና እንዳይገባ ነበር። የውጭው አሮጌ በር ላይ ሲመለስ፣ ቀድሞ የገባው አሮጌ ግን በአንድ ሌሊት ባላባት ሆነ። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል አገር ውስጥ እንደማይገባ ሲያሳውቅ፣ ያቺው ቪትዝ ጭራሽ ዘሯ ሊጠፋ እንደተቃረበ ዋልያ መታየት ጀመረች። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 የውጭ ምንዛሪው በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ሲለቀቅ ደግሞ፣ ብሩ ወረደ፣ የቆመውም መኪና ሳይንቀሳቀስ ዋጋው ሽቅብ ወጣ። መኪና አርጅቶ የሚወደድበት አገር ላይ «መሸጫው እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ ብልህነት እንጂ ሌላ ስም የለውም።

ችግሩ፣ ጥያቄው ከመልሱ ይልቅ ረጅም ዕድሜ ማግኘቱ ነው። አሁን በትርዒቱ አዳራሽ የተደረደሩት መኪኖች ያንን ልማድ አያውቁትም። የኤሌክትሪክ መኪና በዋጋው ጠባይ ከቪትዝ ይልቅ የእጅ ስልክን ይመስላል፤ የዘንድሮውን የሚያዋርደው የሚቀጥለው ዓመት ነው። ለምሳሌ በእኛም መንገዶች ላይ የምትታየውን ቢዋይዲ ሲጋል እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ቻይና ውስጥ ለገበያ ስትቀርብ መነሻ ዋጋዋ 73,800 ዩዋን ነበር። በዓመቱ 69,800 ሆነ፤ በ2025 አጋማሽ በቅናሽ ዘመቻ 55,800 ተባለ። አዲሱ ራሱ ከፋብሪካው በር ላይ እንዲህ እየረከሰ፣ ያገለገለው በምን ሒሳብ ይወደዳል? በእኛ አገር የብሩ መውረድ ይህን ለጊዜው ይሸፍነው ይሆናል። ባትሪውን ግን አይሸፍነውም፤ የሚቀጥለው ገዢ ጎማ ነክቶ አይጠግብም፣ «ባትሪዋ ስንት በመቶ ቀራት?» ይላል። ይህን የሚመረምርለት መሣሪያ ያለው ጋራዥ ደግሞ ከአዲስ አበባ ውጭ በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ የዛሬ ገዢ ያ የለመደው ሁለተኛ ገዢ ይመጣለት እንደሆነ አያውቅም። መኪናውን ራሱ ሊነዳው ነው፤ ምናልባትም እስከ መጨረሻው። ብዙዎቻችን ለዚህ አልተዘጋጀንም።

ራሱ ሊነዳው ከሆነ መጠየቅ ያለበት መንገዱን ነው። የሰሜን ጎንደር ሰው በቅሎ ሲገዛ ይህን ያውቅበታል። ጥርሷን ያያል፣ ሰኮናዋን ያነሣል፤ ከዚያ ግን ገበያው መሐል ቆሞ አይፈርድም፣ ሽቅብ ያስወጣታል፣ ቁልቁልም ያስወርዳታል፤ ቁልቁለት ላይ የምትንደረደር በቅሎ ኮርቻዋ የቱንም ያህል ቢያምር ወደ ሻጯ ትመለሳለች። አንድ መኪና በብዙ መቶ ሺህ፣ አለያም በሚሊዮን የሚቆጠር ብር ሲጠየቅበት ግን፣ ያው ሰው ወይም የልጅ ልጁ ጠፍጣፋ ምንጣፍ ላይ፣ በመብራት ብዛት በሚያበራ አዳራሽ ውስጥ ቆሞ ይወስናል። ምንጣፍ ላይ የማያምር መኪና የለም። ከበሮ በሰው እጅ ሲያዩት ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር የተባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

መንገድ ካልን ደግሞ ለሰሜን ጎንደር ሰው የሚፈርደው መንገድ ሩቅ አይደለም። ከጎንደር ተነሥቶ በዳባት በኩል ደባርቅ የደረሰ ሰው ወደ ዛሪማና ወደ አዲ አርቃይ ሊያልፍ ከፈለገ ሊማሊሞን መውረድ አለበት። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገደሉን እየፈለፈለ የሠራው፣ ተጠማዝዞ ተጠማዝዞ የሚወርድ መንገድ ነው፤ ከላይ ያለው ሰው ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ ታች ያለው ሸሚዙን ከፍቶ ይውላል። ቁልቁለቱን ወርዶ እፎይ የሚባልበት አካባቢ ድብ ባሕር ነው። ስሙ ባሕር ይበል እንጂ ባሕር የለበትም፤ ያለው ከወዲህ ሲመጡ የፍሬን ሽታ፣ ከወዲያ ሲመጡ የሚጠብቀው ዳገት ነው። የኤንትሬ ጭነት መኪና ሾፌሮች፣ ከእነሱም በኋላ የአይሱዙና የሲኖትራክ ሾፌሮች መኪና የሚያወዳድሩት በዚህ መንገድ ነው። የትኛው ጭነት ይዞ በስንተኛ ማርሽ ይወጣል? የትኛው ሲወርድ በከባድ ማርሽ ይታመናል? የትኛውስ መሐል ላይ ውኃ ያፈላል? ስለ ጣሪያው መስታወት የጠየቀ ሾፌር ስለመኖሩ የሚነገር ታሪክ የለም።

የሊማሊሞን ፈተና በቁጥር ብናየው፣ ውጤቱ በትርዒቱ አዳራሽ ከሚሰጠው ፍርድ ይለያል፤ ለሁሉም ወገን ግን አይመችም። በመጀመሪያ ነዳጅ የሚጠጣውን እንይ። አየር እየሳሳ ሲሄድ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ በመቶ ገደማ ያጣል። የሺህ ሲሲ ቪትዝ ፋብሪካዋ የሰጣት 70 የፈረስ ጉልበት ነው። ደባርቅ ወደ 2,850 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ እዚያ ስትደርስ የሚቀራት 50 ገደማ ነው፤ ሃያዎቹ ፈረሶች መንገድ ላይ ጠፍተዋል፣ ባለቤቱ ግን የከፈለው ለሰባዎቹም ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ ከእነዚህ ፈረሶች አንድም አይጠፋበትም። ይህ ለደጋ አገር ትልቅ ነገር ነው፤ ግን በትርዒት ላይ ሲነገር አይሰማም። አስተናጋጁ የተማረው ከቻይና በመጣ ጽሑፍ ነው፤ የጽሑፉ ደራሲ ደግሞ የቻይናን ሜዳ እንጂ የስሜንን ተራራ አላሰበም።

ሁለተኛው ዳገቱ የሚበላው ጉልበት ነው። ሲጋል አራት ሰው ጭና ከነሻንጣው 1,500 ኪሎ ያህል ብትመዝን፣ 1,000 ሜትር ሽቅብ ለመውጣት ብቻ ከ4 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ትፈልጋለች። የትልቁ ባትሪዋ አቅም 38.88 ነው። ስለዚህ የጎማ ሰበቃና የአየር ግፊት ሳይቆጠር፣ ከባትሪው አሥር እጅ አንዱ ለከፍታው ብቻ ይሄዳል። ስትወርድ ደግሞ ሞተሩ ወደ ማመንጫነት ተለውጦ ከወሰደው ከግማሽ በላይ ሊመልስ ይችላል፤ ፍሬኑም አይሸትም። እስከዚህ ድረስ መልካም ነው። ነገር ግን ጥንቁቁ ሰው የሚቀጣበት ቦታ እዚህ አለ። ደባርቅ አድሮ ባትሪውን መቶ በመቶ ሞልቶ ጠዋት ወደ ድብ ባሕር የሚወርድ ሰው፣ ቁልቁለቱ የሚሰጠውን ጉልበት የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። የሞላ እንስራ ውኃ አይቀበልም። መኪናው እንደ ማንኛውም መኪና በፍሬን ይወርዳል፣ ያ የታወቀው ሽታም ይመጣል። ለዚህ መንገድ ባትሪውን ሳይሞሉ መነሣት እንደሚሻል የሚናገር ወረቀት በየትኛው ማሳያ ላይ ተለጥፏል? የተለጠፈው ሌላ ነው።

የተለጠፈው «በአንድ ቻርጅ 405 ኪሎ ሜትር» ነው። ይህ ቁጥር ውሸት አይደለም፤ ቦታው ነው የጠፋው። የቻይናው የመለኪያ ሥርዓት መኪናውን ቤተ ሙከራ ውስጥ በሚሽከረከር ከበሮ ላይ አስቁሞ፣ በአብዛኛው በዝግታ እያስነዳ፣ ዳገት የሚባል ነገር ሳያሳይ የሚለካበት ነው። ባትሪውን ለቁጥሩ ብናካፍለው፣ ለ100 ኪሎ ሜትር ከ10 ኪሎዋት ሰዓት በታች ይወጣል፤ ይህ አራት ሰው ጭኖ ለሚሮጥ መኪና ሊደረስበት የሚያስቸግር ቁጠባ ነው። ከአዲስ አበባ ጎንደር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መሐሉ ላይ የዓባይ በረሃ ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ወደ ደጀን ይወጣል። 405ን ሁለት ጊዜ ደምሮ «መንገድ ላይ አንዴ ቻርጅ አድርጌ ጎንደር እገባለሁ» ያለ ሰው ሒሳቡ ትክክል ነው፤ በረሃው ግን ሒሳብ አልተማረም። ለቻይና ገበያ የተሠሩ መኪኖች ደግሞ ሌላ ጣጣ አላቸው፦ መሰኪያቸው የቻይናው ዓይነት ሲሆን ሁሉም ቻርጀር አይቀበለውም፤ ስክሪናቸውም ሲከፈት በቻይንኛ ያናግራል። ዳገት መሐል ላይ ቀይ ምልክት በርቶ የማይነበብ ጽሑፍ ሲመጣ፣ የሚሊዮን ብር መኪና ያለው ሰው ከበግ ጠባቂው ልጅ በምን ይለያል? ልጁ እንኳ አቋራጩን ያውቃል።

በአውሮፓም ይህ የትርዒት ነገር እያበቃለት ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1905 የተጀመረው የጄኔቫ የመኪና ትርዒት በ2024 ተመልሶ እንደማይከፈት ተነገረ፤ ድምቀቱን እነ ቤጂንግና ሻንጋይ ወሰዱት። አውሮፓውያኑ ሲመሽባቸው ተዉት፤ እኛ የምንጀምረው በዚያው ሰዓት ነው፣ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የሚገርመው በመኪና ነገር የእኛ አጀማመር የተሻለ እንደነበር ማስታወስ ነው። በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌይ ለዳግማዊ ምኒልክ ዎልስሊ መኪና ያመጣው ከጅቡቲ በረሃውንና ተራራውን አሳልፎ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ስለ መኪናው ሲወስኑ መንገዱ አስቀድሞ መስክሮለት ነበር። ከዚያ በኋላ መኪናው ሳይነዳ ተጭኖ ሲመጣ፣ ምስክሩ ቀረ።

አንዳንዱ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «እኔ የምሄደው ከሲኤምሲ ቦሌ ነው፤ ድብ ባሕር ምን አገባኝ?» ይህ ሰው የራሱን አገር ረስቷል። ኢትዮጵያ ውስጥ ከተማ ብቻ የሚኖር መኪና የለም። ጥምቀት ይመጣል፣ ጎንደር መሄድ ያምራል፤ የእህት ሠርግ ይኖራል፤ ሁሉም ቢቀር ለቅሶ አይቀርም። ለቅሶ ደግሞ ባትሪ ስንት እንደቀረ አይጠይቅም፤ ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ስልክ ይደወላል፣ ሦስት ዘመድ ኋላ ወንበር ላይ ይጫናል፣ ይኬዳል። ሁለተኛው ተቃውሞ ግን የከበደ ነው፦ መብራት በሚጠፋበት፣ ቻርጀር በሌለበት ሰሜን ጎንደር ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ማውራት ራሱ ቀልድ አይደለም ወይ? ግማሹ እውነት ነው። የሕዳሴው ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅሙን ይዞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ግድቡ ላይ ያለው ኃይል ግን በየመንደሩ ምሰሶ ላይ ካለው ጋር አንድ አይደለም። በሌላ በኩል ቤንዚኑስ? በ2017 ዓ.ም. ሊትሩ 100 ብር አለፈ፤ ከማደያው ሲጠፋ ደግሞ በሃይላንድ ፕላስቲክ መንገድ ዳር ላይ ይሸጣል፣ በምን እንደተደባለቀ የሚያውቀው ሻጩና ፈጣሪ ነው። መብራት ከጠፋ ማታ ተመልሶ ይመጣል ብሎ መጠበቅ ይቻላል፤ ቤንዚን ሲጠፋ የሚጠበቀው ቦቴ ነው፣ ቦቴው ደግሞ የሚመጣው በዚያው መንገድ ነው።

ስለዚህ ፍርዱ ለሁሉም አንድ ሊሆን አይችልም። ጎንደር ከተማ ውስጥ ከአዘዞ ፒያሳ የሚመላለስ፣ ግቢው ውስጥ መሰኪያ ያለው ሰው፣ የኤሌክትሪኩን መኪና ለመግዛት በቂ ምክንያት አለው፤ አየሩ አይሳሳበትም፣ ማታ ሰክቶ ያድራል። ጎንደር፣ ደባርቅ፣ ድብ ባሕር፣ አዲ አርቃይ እያለ ሸቀጥ የሚያመላልስ ነጋዴ ግን በመንገዱ ላይ አስተማማኝ ቻርጀር እስኪተከል ድረስ ባይቸኩል ይሻለዋል፤ አይሱዙው ቢያረጅም ያውቀዋል፣ ጋራዡም ያውቀዋል። የድብ ባሕር ገበሬ ከሁለቱም አይደለም፤ አዲስ መኪና የመግዛት ሐሳብ የለውም። ቢሆንም የሌሎች ሰዎች ምርጫ በታሪፍና በስኳር ዋጋ ላይ ተደምሮ ቤቱ ድረስ ይመጣበታል፤ ስለዚህ ቢፈርድ ድፍረት አይሆንበትም። «መሸጫው»ን ለመተው ለሚቸግረው ገዢም የሚያጽናናው ነገር አለ፦ ዳገት ወጥቶ ያልጠፋበት፣ ቁልቁለት ወርዶ ያልሸተተበት መኪና ገዢ አያጣም። ይህን የሚያረጋግጠው ግን በሩን ከፍቶ በመዝጋት አይደለም።

እንግዲህ ሊገዙ ያሰቡ፣ ሻጩን አንድ ነገር ይለምኑት። ሊማሊሞ ድረስ ይውሰደኝ አይሉትም፤ አዲስ አበባ ራሷ እንጦጦ አላት፣ ከመስቀል አደባባይ እስከ እንጦጦ ማርያም ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ሦስት ከበድ ከበድ ያሉ ዘመዶችዎን ያስከትሉ። ከታች ሲነሡ ባትሪው ስንት በመቶ እንደሆነ ይጻፉ፣ ላይ ሲደርሱ ይጻፉ፣ ሲመለሱም ይጻፉ፤ ስክሪኑ በሚያነቡት ቋንቋ ይሁን። ሻጩ እምቢ ካለ፣ ሌላ ሻጭ ይፈልጉ።